ቀይና ሰማያዊ ሲጋቡ

ብሩሽ ለብዙ ዓመታት በቀይ ቀለም የኖረ ሰው ነው። ጥፍሩ ቀይ፣ ጫማው ቀይ፣ የጆሮው ጀርባ ሳይቀር ቀይ ነበር። ሚስቱ የትራስ ልብስ ባጠበች ቁጥር፣ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ የቲማቲም ሣጥን?» ትላለች። ወላጆቹ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው። ግን ረጅምና ቀጭን ሆኖ ፀጉሩም ወደ ላይ ስለሚቆም፣ ገና ሥራ በጀመረ ሰሞን አንዱ «ብሩሽ» አለውና በዚያው ቀረ።

በወጣትነቱ ለፀጉር ቤቶችና ለሱቆች የበር ላይ ሥዕል ይሥል ነበር። ሥዕል ግን አልሆነለትም። ለፀጉር ቤት የሣላቸው ጎረምሶች በሙሉ አንገት አልነበራቸውም። አንድ ጥርስ ሐኪም በር ላይ የሣለው መንጋጋ ደግሞ ሕፃናትን እያስለቀሰ ስላስቸገረ፣ ሐኪሙ ራሱ ጨርቅ አርጥቦ አጠፋው። ስለዚህ አንድ የሞባይል ኩባንያ መጥቶ፣ «የሱቆችን ግድግዳ ቀይ ቀባልን፤ መሐሉ ላይ ስማችንን በነጭ ጻፍ፤ እባክህ ሌላ ምንም እንዳትጨምርበት» ሲለው፣ ብሩሽ ፈጣሪ በመጨረሻ የአቅሙን ሥራ እንደላከለት ገባው። ቀይ ግድግዳ አንገት አይፈልግም።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ኩባንያ መጣ። የሱ ቀለም ሰማያዊ ነው። እሱም የራሱን ቀቢ ቀጠረ፤ አጭር፣ ክብ፣ ሲሄድ የሚንከባለል የሚመስል ወጣት። ሰዉ ለእሱም ስም ለማውጣት አልተቸገረም፤ «ሮለር» አለው።

ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ግድግዳ ላይ ነው። አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ጥግ ላይ ሳሙና፣ ሻማ፣ ብስኩትና የሞባይል ካርድ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አሉ። ከቦታው የተነሣ «እማማ ማዕዘን» ይባላሉ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ፣ መኪና ውስጥ ታጉሮ መብራት የሚጠብቅ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም የሳቸውን ግድግዳ ያያል። አንድ ቀን ብሩሽ ከግራ ቀይ እየቀባ፣ ሮለር ከቀኝ ሰማያዊ እየቀባ መጡና መሐል ላይ ተገጣጠሙ። ተሰዳደቡ። መሰላል ተገፋ። ቀይና ሰማያዊ ሆነው አስፋልቱ ላይ ሲንከባለሉ፣ ለሮለር ምሳ ይዛ የመጣች እህቱ ደረሰች። ወንድሟን በጆሮው ይዛ አስነሣችው። ብሩሽ ግን አሳዘናትና ከምሳው አካፈለችው። ብሩሽ የሰው ምሳ በልቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ በዓመቱ አገባት።

አማች ከሆኑ በኋላ መጣላት ኪሳራ መሆኑን ሁለቱም አዩ። እንዲህ ያለ አሠራርም ዘረጉ። ሮለር ቅዳሜ የእማማ ማዕዘንን ግድግዳ ሰማያዊ ይቀባዋል። ሰኞ ጠዋት ብሩሽ ፊቱን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አጥቁሮ ወደ ቀዩ ቢሮ ይገባል።

«ጌታዬ፣ ወሰዱብን።»

«ምኑን?»

«ማዕዘኑን።»

አለቃው ጠረጴዛውን በጡጫ ይመታል። «አስመልስ! ዛሬውኑ!»

ግድግዳው ቀይ ይሆናል፤ ብሩሽ ይከፈለዋል። ትንሽ ቆይቶ ሮለር ያንኑ የለቅሶ ፊት ተውሶ ወደ ሰማያዊው ቢሮ ይሄዳል። ፀሐይ ቶሎ እንድትበላው ደግሞ ቀለሙ ላይ ውሃ በዛ ያደርጉበታል። ግድግዳው በቀለም ላይ ቀለም ሲደራረብበት እየወፈረ ሄዶ፣ እማማ ማዕዘን «ይሄ ሱቅ እኔ ሳልነግረው መንገዱን እየወሰደ ነው» ይሉ ጀመር።

እሳቸውም ቢሆኑ ከጠቡ አልተጎዱም። ቀዩ ዣንጥላ ሲሰጣቸው ሰማያዊውን ጠርተው «እነዚያ እኮ ወንበርም እንጨምራለን እያሉ ነው» ይላሉ። ሰማያዊው ወንበሩን ፈጥኖ ያመጣል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ደግሞ ቀዩን ያስጠሩና ስለ ማቀዝቀዣ ማውራት ይጀምራሉ። ማን እንጨምራለን እንዳላቸው የጠየቃቸው የለም።

ከተማውም አብሮ ይጠቀም ነበር። ቀዩ «ማታ ማታ በነጻ ደውሉ» ሲል፣ ሰማያዊው እሑድን በሙሉ ነጻ አደረገ። አንዱ የኢንተርኔት ጥቅሉን ሲያሰፋ ሌላው ዋጋውን ይቀንሳል። ሁለት ሲም የሌለው ሰው እንደ ጎደሎ ይታይ ነበር። የብሩሽ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ማታ ማታ በቀዩ ሲም ሌላ ከተማ ላለችው እህቷ ትደውልና ስልኩን የስፌት መኪናዋ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ትላለች እህቷ።

«ቁልፍ እየተከልኩ።»

«እኔም ሽንኩርት እየላጥኩ።»

ከዚያ የመኪናው ድምፅ፣ የቢላው ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ማስነጠስ።

«ካልተወራበት ለምን አይዘጋም?» ይላል ብሩሽ።

«ነጻ ነው እኮ!» ትለዋለች፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል በሚል ዓይን።

እንዲህ እየተኖረ ሳለ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብሩሽ የእማማ ማዕዘን ግድግዳ ላይ መሰላል አቁሞ፣ የሮለርን ሰማያዊ በቀይ እየሸፈነ ነበር። ከሱቁ ውስጥ ሬዲዮው የሁለቱን ኩባንያዎች ስም አከታትሎ ሲጠራ እጁን ገታ አደረገ። «…ሁለቱ ኩባንያዎች መዋሃዳቸው ለውድ ደንበኞቻቸው የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት…» ይላል ሬዲዮው።

እማማ ማዕዘን ቦርሳቸውን ከብብታቸው አወጡና ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት።

«ምን ሆኑ እማማ?» አለ ብሩሽ ከላይ።

«ለናንተ ብለን ነው የሚል ሰው ስሰማ እጄ ራሱ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል። አከራዬም ኪራይ ሲጨምር እንደዚሁ ነው የሚጀምረው።»

«ተዋሃዱ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?»

«ተጋቡ ማለት ነዋ! አሁን አንተ የምትቀባው ሙሽራውን ነው ሙሽሪትን?»

ብሩሽ ግማሽ ቀይ፣ ግማሽ ሰማያዊ የሆነውን ግድግዳ አየ። መቀጠሉም አላማረው፤ መተዉም አላማረው። በመጨረሻ ወረደና የእማማን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንበሩ የሰማያዊው ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አላየበትም።

አዲሱ ኩባንያ አዲስ ቀለም አወጣ፤ ወይን ጠጅ። ጠረጴዛ ይመታ የነበረው የቀዩ አለቃ ጠረጴዛውን እንኳ ሳይሰናበት ተባረረ። ከሁለቱ ቢሮ አንዱ ተዘጋ። ከዚያ ነጻው ማታ ጠፋ። ቀጥሎ ነጻው እሑድ ተከተለው። የኢንተርኔት ጥቅሉን ዋጋ አልነኩትም፤ ጥቅሉ ግን በየወሩ እንደ ታማሚ ይከሳ ጀመር። ድሮ ሰው ሲናደድ «ወደ ሰማያዊው እሄድልሃለሁ!» ብሎ ይዝት ነበር። አሁን ይናደድና እዚያው ይቆማል። ሁለተኛዋን ሲም አውጥተው ጥርሳቸውን የሚጎረጉሩባት ሰዎች ታዩ።

የብሩሽ ሚስትም የእህትማማች ወሬዋ እንዲህ ሆነ፦

«አለሽ?»

«አለሁ። አንቺስ?»

«ደህና። ዝጊው፣ ዝጊው፣ እየበላ ነው!»

ከዚያ ለእህቷ ያዘጋጀችውን ወሬ በሙሉ ለብሩሽ ታወርድለታለች፤ የጎረቤቷን ቀሚስ፣ የአክስቷን ጉልበት፣ የማታውቃትን ሴት ጋብቻ። የስልክ ዋጋ ሲጨምር ሌላው ሰው በኪሱ ከፈለ፣ ብሩሽ በጆሮው።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሣው ግን የራሱ ጉዳይ ነበር። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሁለቱን ቀቢዎች አስጠራቸው። ወጣት ነው፤ ሽቶው ከሱ በፊት በር ይከፍታል።

«አንድ ኩባንያ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ቀቢ» አላቸው። «የከተማውን ግድግዳ በሙሉ፣ ቀለሙን ራሳችሁ ችላችሁ፣ በስንት እንደምትቀቡ ጻፉና በፖስታ አምጡ። የረከሰው ያሸንፋል። ገባህ ፋዘር?»

ብሩሽ «ፋዘር» መባሉን ትቶ «አንድ ቀቢ» የሚለውን ብቻ ነበር የሰማው።

ከቢሮው እንደወጡ ደረጃው ላይ ሮለር ክንዱን ያዘው። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የዛሬ ሰዎች አይደለንም። አንተ ጠቀም ያለ ዋጋ ጻፍ። እኔ ካንተ ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ። አንተ ታሸንፋለህ፤ ሥራውን ለሁለት እንካፈላለን።»

«የወንድ ልጅ ቃል?»

«በእህቴ እምላለሁ።»

ተጨባበጡ። ብሩሽ ግን ቤቱ ሳይደርስ ሐሳብ ያዘው። ሮለር ዝቅ አድርጎ ቢጽፍስ? ሮለር ወጣት ነው፤ ቢሸነፍም ዳቦ ቤትም ቢሆን ይገባል። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ግድግዳን አንድ ቀለም ማድረግ ነው። ከዚህ ከወጣ ወዴት ይሄዳል? ተመልሶ አንገት የሌላቸውን ጎረምሶች ሊሥል? የጻፈውን ቀደደና ትንሽ ቀነሰ። በማግስቱ ቢሮው በር ላይ ደርሶ፣ የሮለርን ክብ ጀርባ ሲገባ ስላየው፣ እንደገና ቀደደና እንደገና ቀነሰ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ፖስታ ከፍቶ አነበበ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ።

«ፋዘር፣ ለጥቂት አሸንፈኸዋል። ሁለታችሁም ግን እኔ ካሰብኩት በብዙ ታች ናችሁ። ውድድር እንዴት ደስ ይላል!»

ይህን የተናገረው፣ ከተማውን በሙሉ አንድ ቀለም ሊያስቀባ የተቀመጠ ሰው ነው።

«ጋሼ!» አለ ሮለር ደረጃው ላይ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ጠቀም ያለ ጻፍ አላልኩህም?»

«አንተስ ከኔ ከፍ ልታደርግ አልነበር?»

«አንተ ዝቅ ታደርጋለህ ብዬ ፈርቼ ነዋ!»

«እኔስ ምን ብዬ መሰለህ?»

ሮለር በቀጥታ ወደ እህቱ ሄደ። ብሩሽም ወደ ሚስቱ ሄደ። ቤቱ አንድ ስለሆነ በሩ ላይ ተጋፍተው ገቡና እኩል መክሰስ ጀመሩ። እሷ መርፌውን ከአፏ ሳታወጣ አዳመጠቻቸው፤ ከዚያ አወጣችው።

«ቆይ። ያኔ አንተ ቅዳሜ፣ አንተ ሰኞ እየተቀባበላችሁ እነዚያን ስታልቡ፣ ያ ምንድነው?»

«እሱ ሌላ ነው» አለ ብሩሽ።

«ምኑ ነው ሌላው? ኩባንያዎቹ ሁለት ሆነው ሳሉ ሲጣሉ እኔን ጠቀሙኝ። ተስማሙ፣ እህቴን ከአፌ ነጠቁኝ። እናንተም ስትስማሙ ከነሱ ነጠቃችሁ። ልዩነቱ እነሱ ከረባት ያስራሉ፣ እናንተ ሱሪያችሁ ላይ ቀለም አለ። አሁን እኔ ምን ላድርግላችሁ? ላልቅስ?»

ሁለቱም ጫማቸውን አዩ። ሮለር «በእህቴ እምላለሁ» ማለቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ቶሎ ብሎ ወጣ።

ብሩሽ አሸነፈ፤ ግን አሸነፈ አይባልም። ወይን ጠጁ ቀለም ያለው አንድ መደብር ውስጥ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዋጋውን ሲሰማ፣ ፖስታው ውስጥ የጻፈው ገንዘብ የእማማ ማዕዘንን ግድግዳ ግማሽ እንኳ እንደማያደርስ ተረዳ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ፎቶ አንሺ ይዞ ጠዋት ሊመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ግድግዳ ካላማረ ቀሪው ሁሉ ይቀራል። ቤት ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል ዓይኑ አልጋው ሥር ላይ አረፈ። የቀይ ቀለም ባልዲዎች ተደርድረዋል። ቀይና ሰማያዊ ሲደባለቅ ወይን ጠጅ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። ቀይ አለው። ሰማያዊ ያለው ደግሞ በከተማው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሄዶ የሮለርን በር አንኳኳ።

«እህቴ ልካህ ነው?» አለ ሮለር፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

«አይ። ቀይ ልኮኝ ነው።»

ሮለር ላለመሳቅ ታገለ፤ አልሆነለትም። ኩርፊያ ለክብ ሰው አይመችም። ተስማሙ፤ ቀለሙም ሥራውም እኩል በእኩል፣ የዚህን ጊዜ ከምር። በርሜል አምጥተው ቀዩንም ሰማያዊውንም ገለበጡና በመጥረጊያ እንጨት አማሰሉት። ያን ሁሉ ዘመን አንዱ የሌላውን ቀለም ሲሸፍን ኖረ እንጂ ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ያየ አልነበረም። የቀዩ ቀይ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ የሰማያዊው ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መሆኑን ማን ያስብ?

በርሜሉ ውስጥ እርጥብ ሆኖ፣ ጥላ ላይ፣ ዓይን ጨፈን ተደርጎ ሲታይ ወይን ጠጅ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ትንሽ አልጠቆረም?»

«ሲደርቅ ይፈካል» አለ ብሩሽ።

ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ የእማማ ማዕዘንን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጨረሱት፤ ስሙንም በነጭ ጻፉበት።

ጠዋት ሲመጡ ግድግዳው ደርቋል። የዛገ በርሜል አይደለም፤ ጭቃም አይደለም፤ ጉበትም አይደለም፤ ሦስቱም ተመካክረው ያወጡት ቀለም ነው። አውቶቡስ ጠባቂዎች ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ግድግዳውን እያዩ ነው። ሁለት አውቶቡስ ባዶውን አለፈ።

ሥራ አስኪያጁ ከመኪና ወረደ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሣ፤ መልሶ አወረደው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወይን ጠጅ» አለ ብሩሽ።

«የቱ ወይን ነው እንዲህ ያለው?»

«የቆየው» አለ ሮለር ከኋላ።

ሕዝቡ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። «በቃ፣ ቀቢ የሚባል ነገር አልፈልግም። በፕላስቲክ ታትሞ ይመጣል፤ አንድ ሰው በምስማር ይመታዋል፤ አለቀ!»

ብሩሽ መሰላሉን ደገፍ አለ። ዕድሜ ልኩን የቀባው ግድግዳ በአንድ ምስማር አለቀ።

«የት ላይ ነው የምትመታው ልጄ?» አሉ እማማ ማዕዘን ከሱቃቸው ብቅ ብለው።

«እዚሁ ላይ ነዋ፣ እማማ።»

«ኪራዩስ?»

«የምን ኪራይ? ድሮ በነጻ አልነበር?»

«ድሮ ዣንጥላ ነበረ፣ ወንበር ነበረ፣ ስለ ማቀዝቀዣም ንግግር ላይ ነበርን። አንተ ከመጣህ ያየሁት ነገር ቢኖር ሽቶህን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ካርድ ከኛ ሌላ ከማን ሊያመጡ ነው?»

እማማ ማዕዘን እንደ ሌላ ጊዜ «እነዚያ እኮ» የሚሉት ሌላ ወገን የለም። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያዙና፣ «ካርዱ ያንተ ነው፤ ግድግዳው ግን የኔ ነው። ከፈለግህ መኪናህ ላይ ምታው» አሉት። ፕላስቲኩ ከመንገዱ ማዶ የመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ስለተሰቀለ ብዙ ሰው አያየውም። ካርድ ግን እማማ ከኩባንያው መግዛታቸውን አልተዉም፤ ትርፋቸውም በዚያው ወር ተቀነሰባቸው።

ብሩሽ ለጥቂት ጊዜ ከቤት አልወጣም። ሚስቱ የአክስቷን ጉልበት ታሪክ ሦስት ጊዜ አወራችለት። ከዚያ አንድ ቀን እማማ ማዕዘን አስጠሩት። ዝናብ ዘንቦ መኪናው ሁሉ ጭቃ እየረጨ ነበር። የመንገዱ ግድግዳ በሙሉ ተዥጎርጉሯል፤ የሳቸው ግን እንደ አዲስ ቆሟል። ጭቃው መጥቶ ያርፍበታል፤ ከግድግዳው መለየት ግን አይቻልም።

«ይሄ ቀለማችሁ እንዴት ያለ ብልህ ነው!» አሉ። «የኩባንያውን ስም ብቻ አጥፋልኝ። የጓሮውንም ግድግዳ እንደዚሁ አድርጉልኝ።»

ከሳቸው ቀጥሎ የጋራዡ ባለቤት መጣ፤ ቀጥሎ ባለ ሥጋ ቤቱ፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስለ አጥሩ ጠየቀ። ሌሎች ቀቢዎች ቀለሙን ሊሠሩ ሞክረው አልመጣላቸውም፤ የዚያ ቀይና የዚያ ሰማያዊ ምርት ከኩባንያዎቹ ጋር አብሮ ቀርቷል፤ የተረፈው ብሩሽ አልጋ ሥርና ሮለር ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱ አማቾች በርሜሉን እየገፉ እማማ ማዕዘን ጓሮ ሲደርሱ ደረታቸው ነፋ ብሎ ነበር።

«ስንት ትሉኛላችሁ?» አሉ እማማ።

ብሩሽ ዋጋውን ነገራቸው።

«ምነው! ይሄ እኮ ድሮ ለፊተኛው ግድግዳ የሚከፈልህ እጥፍ ነው!»

«እማማ፣ አሁን እኮ ነገሩ ተለውጧል» አለ ብሩሽ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኔና አማቼ አንድ ሆነናል። ይህን ያደረግነው ደግሞ ለእርስዎ ብለን ነው፤ የተሻለ አገልግሎት…»

የእማማ ማዕዘን እጅ ቀስ ብሎ ከጎናቸው ተነሣ፤ ብብታቸው ሥር ገባ፤ ቦርሳውን አወጣና ደረታቸው ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

ብሩሽ ቦርሳውን አየ። እጃቸውን አየ።

«በድሮው ዋጋ» አለ።

ሮለር እግሩን ረገጠው፤ ብሩሽ ግን መሰላሉን ግድግዳው ላይ እያቆመ ነበር።